ውስጡን ለቄስ? ያረጁ ባለ ገበር የብረት ቧንቧዎችን ለኬሚካል አገልግሎት መልሶ ስለመጠቀም

1. መነሻ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ቤት የምንልከው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ፣ መጽሐፍ፣ መድኃኒት፣ ያገለገለ የሆስፒታል አልጋ፣ ያገለገለ ኮምፒዩተር በየጊዜው በኮንቴይነር ተጭኖ ይሄዳል። አልፎ አልፎም የፋብሪካ ዕቃ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም አንድ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ወገን ስልክ ደወሉልኝ። ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በአገር ቤት የሳሙናና የጽዳት ኬሚካሎች ማምረቻ ለማቋቋም አስበዋል። በሚሲሲፒ ወንዝ አቅራቢያ ባለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ ውስጣቸው ፕላስቲክ የለበሰ የብረት ቧንቧዎች ተከምረው አይተዋል። የተጠየቁት ዋጋ ከቁራጭ ብረት ዋጋ እምብዛም አይበልጥም፤ ቀብድም ከፍለዋል። ከእኔ የፈለጉት፣ «አይቼ መርምሬአቸዋለሁ፣ ለሥራ ብቁ ናቸው» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ከነፊርማው ነበር።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የያዘው ቁም ነገር ከአንድ ኮንቴይነር ይሰፋል። ያገለገለ ዕቃ መጠቀም በራሱ ነውር አይደለም፤ ካፒታል ላጠረው አገር እንዲያውም ብልኅነት ሊሆን ይችላል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው የአገራችን የእጅ ባለሙያ ከወደቀ ቆርቆሮና ከተጣለ ጎማ ምን ያህል ጠቃሚ ነገር እንደሚያወጣ ያውቃል። ነገር ግን የሰልባጅ ኮት ቀዳዳው ለዓይን ይታያል፤ ገዢው ወደ ብርሃን ዘርግቶ ይመለከተዋል። ባለ ገበር ቧንቧ ግን «ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባልለት ዓይነት ዕቃ ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለው ቧንቧ እንዴት እንደሚያረጅ፣ እንዴት እንደሚመረመርና መቼ እምቢ መባል እንዳለበት መሐንዲስ ላልሆነው አንባቢም ግልጽ ማድረግ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ባለ ገበር ቧንቧ ምንድን ነው?

ብረት ጠንካራ ነው፤ ግፊትን፣ ክብደትንና ምትን ይችላል። ይሁን እንጂ ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወይም በውኃ ለቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ቢሰጡት በአጭር ጊዜ ይበላል። ፕላስቲክ በአንጻሩ እነዚህን አሲዶች ይችላል፤ ጉልበት ግን የለውም፣ ሲሞቅም ይለሰልሳል። ሁለቱን አጋብቶ ብረቱን እንደ ኮት፣ ፕላስቲኩን እንደ ኮቱ ገበር አድርጎ መሥራት የሁለቱንም ጥቅም ያስገኛል። ብረቱ ግፊቱን ይሸከማል፤ ገበሩ ኬሚካሉ ከብረቱ ጋር እንዳይገናኝ ይከላከላል።

ይህ ዓይነት ቧንቧ በ1940ዎቹ ዓመታት ዳው ኬሚካል ኩባንያ ሳራን በተባለው ፕላስቲክ ገበር መሥራት ሲጀምር በኢንዱስትሪ ውስጥ ተስፋፋ። ቴፍሎን በሚለው የንግድ ስም የታወቀው ፒቲኤፍኢ በ1938 በዱፖንት ኬሚስት በሮይ ፕላንኬት ተገኝቶ ስለነበር፣ ቆየት ብሎ እርሱም የገበር ዕቃ ሆነ። ዛሬ ከአሮጌ ግቢዎች የሚገኙት ቧንቧዎች ገበራቸው በአብዛኛው ከአራቱ አንዱ ነው። እነርሱም እስከ 79 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያገለግለው ሳራን፣ እስከ 107 የሚያገለግለው ፖሊፕሮፒሊን፣ እስከ 135 የሚያገለግለው ፒቪዲኤፍ፣ እና እስከ 232 የሚያገለግለው ፒቲኤፍኢ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ጣሪያዎች እንጂ ዋስትናዎች አይደሉም። በእያንዳንዱ ኬሚካል ዓይነትና ጥንካሬ መጠን ጣሪያው ዝቅ ይላል።

ቧንቧዎቹ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 6 ሜትር ያህል ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ይሠራሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ፍላንጅ አላቸው። ገበሩ ከቧንቧው አፍ ወጥቶ በፍላንጁ ፊት ላይ እንደ ከንፈር ተገልብጦ ይተኛል። ሁለት ቁራጮች በቡሎን ሲታሰሩ ሁለቱ ከንፈሮች ተጫጭነው ራሳቸው ጓርኒሲዮን ይሆናሉ። በብረቱ ላይ ደግሞ ሆን ተብለው የተበሱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ስለ እነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ምሥጢር የሚያወጡት እነርሱ ናቸውና።

3. እንዴት ያረጃል?

አንደኛው የእርጅና መንገድ ስርገት ነው። ፕላስቲክ ምንም ቀዳዳ ባይኖረው እንኳ ለጋዝ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ግድግዳ አይደለም። ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ ከአሲድ የሚወጣ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ በሞለኪውል ደረጃ በፒቲኤፍኢ ውስጥ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ገበሩ ሲወፍር ስርገቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ስርገቱም ይጨምራል። ትናንሾቹ ቀዳዳዎች የተበሱት ይህ የሰረገው ጋዝ በገበሩና በብረቱ መካከል ታፍኖ እንዳይቀር ነው። ቀዳዳው በቀለም ወይም በሙቀት መከላከያ ልባስ ከተደፈነ ጋዙ ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ ብረቱን ከጀርባው ይበላዋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ገበሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በቧንቧው ውስጥም እብጠት ይታያል።

ሁለተኛው የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው። ፒቲኤፍኢ በሙቀት የሚረዝመው ከብረት 10 እጥፍ ያህል ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ገበሩ በነጻ ቢለቀቅ ኖሮ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ስለታሰሩ ልዩነቱ ወደ ጭንቀትነት ይለወጣል፤ ጭንቀቱም የሚያርፈው ከሁሉ በላይ በተገለበጠው ከንፈር ሥር ነው። በዚያ ላይ ፒቲኤፍኢ በ19 ዲግሪ አካባቢ የውስጥ አደረጃጀቱን ይለውጣል፤ ይዘቱም በመቶ 1 ወይም ከዚያ በላይ ይለዋወጣል። 19 ዲግሪ ደግሞ የአዲስ አበባ ተራ የቀን አየር ነው።

ሦስተኛው የክረምት ብርድ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንደ መስታወት ተሰባሪ መሆን ይጀምራል። በሚኒሶታ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በግቢ ውስጥ በበረዶ ተቀብሮ የከረመ ቧንቧ በፎርክሊፍት ሲነሣ አንድ ጊዜ ቢወድቅ፣ ብረቱ ምንም ሳይሆን ገበሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፍላንጁ ፊት መከለያ እንጨት ከወለቀ ደግሞ ፒቲኤፍኢ የቀድሞ ቅርጹን «ያስታውሳል»፤ ከንፈሩ ቀስ በቀስ ከፍላንጁ ይነሣል።

አራተኛው ባዶ ግፊት ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሲመጠጥ የውጭው አየር በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ገብቶ ገበሩን ወደ ውስጥ ይጨመድደዋል። ፓምፕ በድንገት ሲቆም ወይም በእንፋሎት የታጠበ ቧንቧ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ይህ ይደርሳል። እዚህ ላይ የአገራችን ደጋ ትንሽ ያግዛል። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ 76 ያህል ስለሆነ፣ ገበሩን የሚጨመድደው ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተጨማደደ ገበር ግን በየትኛውም ከፍታ አይድንም።

አምስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚረሳው፣ የኬሚካሉ አለመስማማት ነው። ለአንዱ ኬሚካል ዓለት የሆነ ገበር ለሌላው ጭቃ ነው። ፒቪዲኤፍ ክሎሪንንና ብዙ አሲዶችን ሲችል ለጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ግን አይሆንም፤ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በጭንቀት ቦታው ይሰነጠቃል። ፖሊፕሮፒሊን ኮስቲክ ሶዳን በደንብ ሲችል ለጠንካራ ናይትሪክ አሲድና ለክሎሪን ጋዝ አይመከርም። ስለዚህ «20 ዓመት አሲድ ያስተላለፈ ቧንቧ ነው፣ ሶዳማ ምን ያደርገዋል?» የሚለው አነጋገር ትክክል የሚመስል ግን አደገኛ ስሕተት ነው።

4. የፌስተስ ትምህርት

የማይታየው ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ለማየት በ2002 የደረሰውን አንድ አደጋ ማስታወስ ይበቃል። ኦገስት 14 ቀን በሚዙሪ፣ በፌስተስ አቅራቢያ በሚገኘው የዲፒሲ ኢንተርፕራይዝስ ተቋም፣ ክሎሪን ከባቡር ታንክ በሚራገፍበት ሰዓት ማስተላለፊያው ቱቦ ፈነዳ። ቱቦው ውስጡ ፒቲኤፍኢ፣ ውጪው የብረት ሽቦ ሹሩባ ነበር። የአደጋ ጊዜ መዝጊያ ቫልቮቹ በዝገት ክምችት ምክንያት ሙሉ በሙሉ መዝጋት ስላቃታቸው፣ በሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ 48,000 ፓውንድ፣ ማለትም 22 ቶን ገደማ፣ ክሎሪን ወደ አየር ወጣ።

የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት ምክንያት አስተማሪ ነው። ሹሩባው ሃስተሎይ ከተባለው የኒኬል ቅይጥ መሠራት ሲገባው፣ የተገኘው 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ነበር። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ክሎሪኑ በፒቲኤፍኢው ውስጥ መስረጉ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ሃስተሎይ ይህን ይችለዋል፣ 316ኤል ግን በክሎሪንና በእርጥበት ይበላል። ቱቦው ሥራ ላይ የቆየውም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንወስዳለን። የመጀመሪያው፣ ገበሩ ምንም ሳይቀደድ የውጪው ብረት ሊበላና መላው ዕቃ ሊፈነዳ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ዕቃው ማንነት የተጻፈው ወረቀት ከዕቃው ጋር መስማማቱ በመሣሪያ ካልተረጋገጠ፣ አዲስ መሆኑ እንኳ ዋስትና አለመሆኑ ነው። አዲሱ ይህን ካደረገ፣ ታሪኩ የማይታወቀው አሮጌ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ አንባቢ ይፈርደው።

5. የምርመራው ቅደም ተከተል

ሕጉ ያገለገለ ቧንቧን አይከለክልም። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የፋብሪካ ቧንቧ ደንብ፣ ቢ31.3 የሚባለው፣ ያገለገለ ቧንቧ በታወቀ ስፔሲፊኬሽን መሠረት የተሠራ መሆኑ ከታወቀ፣ በቂ ጽዳትና ምርመራ ተደርጎም የግድግዳው ውፍረትና ከጉድለት ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ መልሶ መጠቀም ይቻላል ይላል። ስለ ገበሩ ደግሞ ኤኤስቲኤም ኤፍ1545 የተባለው መለኪያ አለ። ከእነዚህና ከሙያው ልምድ በመነሣት ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይበጃል።

ሀ. ታሪክ። ቧንቧው ከየት ተነቀለ? ምን አስተላለፈ? በስንት ዲግሪ፣ በስንት ግፊት፣ ለስንት ዓመት? ገበሩ ከየትኛው ፕላስቲክ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌላቸው ቀሪው ምርመራ የቱንም ያህል ቢያምር ለአደገኛ ኬሚካል ፈቃድ ሊያሰጥ አይችልም። ምክንያቱም ፕላስቲክ ያስተላለፈውን ኬሚካል በውስጡ ይመጥጣል፤ በውኃ ቢታጠብም የመጠጠው አይወጣም። በዘይት ወይም በሟሟ የጠገበ ገበር ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ቢገባበት፣ ወይም የበረኪና ቧንቧ አሲድ ቢሰጠው፣ በቧንቧው ውስጥ ያልታሰበ ምላሽ ሊነሣ ይችላል። በበረኪናው ጊዜ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው።

ለ. ዓይንና ጣት። ቁራጩ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ከአንዱ ጫፍ መብራት አስገብቶ ከሌላው መመልከት ያስፈልጋል። እብጠት፣ ጭምድድ፣ የቀለም ለውጥ፣ ስንጥቅ ካለ ቁራጩ ይወድቃል። ከንፈሩ በጣት ሲዳሰስ ሥሩ ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ወይም በአሮጌ ቡሎን ጭነት የተጨፈለቀ ቦታ ካለም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ትናንሾቹ ቀዳዳዎች መሄድ ነው። የዝገት እንባ ወርዶባቸዋል? በቀለም ተደፍነዋል? እርጥብ የሊትመስ ወረቀት ሲጠጋቸው ቀለሙ ይለወጣል? በአፍንጫ ማሽተት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሐ. የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈተና። ብረቱ ከመሬት ጋር ተያይዞ፣ 10,000 ቮልት የተሞላ ብሩሽ በገበሩ ላይ ይታለፋል። ገበሩ በመርፌ ጫፍ እንኳ ከተበሳ ብልጭታው ወደ ብረቱ ይዘላል። ፈተናው በጣም ጠቃሚ ነው፤ ሦስት ወሰኖቹ ግን ሊረሱ አይገባም። ከዳር እስከ ዳር የዘለቀ ቀዳዳ ብቻ እንጂ መሳሳትን፣ ማርጀትን ወይም የተመጠጠ ኬሚካልን አያሳይም። ካርቦን ተጨምሮበት ጥቁር ለሆነና ኤሌክትሪክ ለሚያስተላልፍ ገበርም አይሠራም። ተቀጣጣይ ትነት ባለበት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው።

መ. የብረቱ ውፍረት። የአልትራሳውንድ መለኪያ ከውጭ ሲጠጋ ድምፁ በብረቱ ጀርባ ነጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚለካው ብረቱን ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስኬጁል 40 የሆነ ባለ 3 ኢንች ቧንቧ ሲሠራ ግድግዳው 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 10 ባር ግፊት ለመሸከም ብቻ የሚያስፈልገው ውፍረት ቢሰላ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ አነስተኛ ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። ቧንቧው የራሱን ክብደት፣ የቫልቮችን ጭነት፣ የሠራተኛን እርግጫና የፍላንጅ ቡሎኖችን ጉተታ ጭምር መሸከም ስላለበት፣ ለዚህ ምሳሌ ዝቅተኛውን ወሰን 2 ሚሊ ሜትር እናድርገው። በ20 ዓመት ውስጥ ከ5.5 ወደ 4 ከወረደ፣ በዓመት 0.075 ሚሊ ሜትር በልቷል ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ ከ26 ዓመት በላይ ዕድሜ ይቀረዋል። ኤፒአይ 570 የተባለው የቧንቧ ምርመራ ደንብ በሚከተለው ልማድ ቀጣዩ ምርመራ ከቀሪው ዕድሜ ግማሽ አያልፍም።

ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ብረቱ በእኩል መጠን ሲበላ ነው። ከስርገት የሚመጣ ዝገት ግን እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ጎድጎድ እያለ የሚበላ በመሆኑ፣ መለኪያው ያረፈባቸው ጥቂት ነጥቦች ደህና ሆነው አጠገባቸው ያለው ሊበሳ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለገበሩ እንዲህ ያለ ስሌት የለም። ብረት ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ቀሪውንም መቁጠር ይቻላል፤ ፕላስቲክ ግን እስከሚሰነጠቅበት ቀን ድረስ ሙሉ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የብረቱን ቀሪ ዕድሜ አስልቶ የጠቅላላው ቧንቧ ዕድሜ ነው ማለት፣ ኮቱን ለክቶ ገበሩን እንደ መዋስ ነው።

ሠ. የውኃ ግፊት ፈተና። ቁራጩ በውኃ ተሞልቶ ከታቀደለት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይጫንበታል፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎም ትናንሾቹ ቀዳዳዎች ይጠበቃሉ። ከአንዱ ቀዳዳ ጠብታ ከወጣ ገበሩ ተበስቷል።

ረ. ገጠማ። ፈተናውን ያለፈ ቁራጭ ሲገጠም ቡሎንና ዳዶው አዲስ ይሁን፤ በመስቀልኛ ተራ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይታሰር። ከመጀመሪያው የሙቀት ዙር በኋላ ቧንቧው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠበቅ፤ በትኩሱ ግን አይነካ። በባለ ገበር ቧንቧ ላይ ብየዳ ፈጽሞ ክልክል ነው። በርዝመት የማይገጥም ቁራጭ በአገር ቤት ልማድ «ቆርጠን እንበይደዋለን» ከተባለ፣ በዚያች ደቂቃ ባለ ገበር ቧንቧ መሆኑ አብቅቷል።

6. አገር ቤት ሲደርስ

ጉዳዩን በአገራችን ሁኔታ እንመልከተው። ኬሚካል በብዛት የሚመረትባቸው ፋብሪካዎቻችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአዋሽ መልካሳ የተቋቋመው ፋብሪካ ከድኝ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከአሲዱም ለውኃ ማጣሪያ የሚያገለግለውን አሉሚኒየም ሰልፌት እንዲያመርት የታሰበ ነው። በዝዋይ የተቋቋመው ደግሞ ከአብያታ ሐይቅ የሚገኘውን ሶዳ አሽ ከኖራ ጋር በማዋሐድ ኮስቲክ ሶዳ እንዲያመርት ነው። ሳሙና ሠሪው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ከእነዚህ ዓይነት ኬሚካሎች ጋር በየቀኑ ይሠራሉ።

በዚህ ዘርፍ እያንዳንዱ ኬሚካል የየራሱ ጠባይ አለው። ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ በተራ የአየር ሙቀትና በዝግታ ሲፈስ ገበር በሌለው ብረት ውስጥ እንኳ ሊያልፍ ይችላል፤ በብረቱ ላይ የሚሠራው የብረት ሰልፌት ሽፋን ይጠብቀዋልና። ያው አሲድ በውኃ ሲቀጥን ግን ብረቱን አይምርም፤ ገበሩ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የአሉሚኒየም ሰልፌት ሙሽትም አሲዳማ ስለሆነ ባለ ገበር ቧንቧ ይስማማዋል። ሙቀቱ ዝቅተኛ፣ አደጋውም መጠነኛ በመሆኑ ላረጀ ቧንቧ ተስማሚ ጡረታ ይመስላል። ሆኖም ሙሽቱ የሚሄደው ወደ መጠጥ ውኃ ነው። ገበሩ ለ20 ዓመት የመጠጠውን ያልታወቀ ኬሚካል በጥቂት በጥቂቱ ቢለቅ የሚጠጣው ሕዝብ ነው። ስለሆነም ታሪኩ ያልታወቀ ቧንቧ ለዚህም አይሆንም።

ሌላው ጥያቄ የወደቀው ቧንቧ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ የምንኖርበት ክፍለ ሀገር ራሱ መማሪያ ነው። ከሴንት ፖል በስተደቡብ ምሥራቅ በሚሲሲፒ ዳር በኮቴጅ ግሮቭ የሚገኘው የ3ኤም ፋብሪካ ለአሥርታት ዓመታት የፍሎሪን ኬሚካሎችን ሲያመርት ቆይቷል። ዛሬ ፒፋስ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት እነዚህ ኬሚካሎች በምሥራቃዊ መንደሮች የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ተገኙ። የሚኒሶታ መንግሥት በ2010 ክስ መሥርቶ በ2018 ጉዳዩ በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ኩባንያው በ2025 መጨረሻ ከፒፋስ ምርት እንደሚወጣ በ2022 አስታወቀ፤ ክፍለ ሀገሩም በ2023 ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸውን ምርቶች ደረጃ በደረጃ የሚያግድ ሕግ አወጣ። ፒቲኤፍኢ ራሱ ከዚህ ቤተሰብ ይመደባል። ጠጣር ሆኖ በቧንቧ ውስጥ ሳለ የተረጋጋ ነው፤ ሲቃጠል ግን ሃይድሮጅን ፍሎራይድንና ሌሎች መርዛም ጋዞችን ይለቃል።

የተጣለ ቧንቧ አገር ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል? ቁራሌው ይገዛዋል፣ ብረት ቆራጩ በኦክሲጅን እሳት ይቆርጠዋል፣ ገበሩም ከነሕይወቱ ይቃጠላል። የሚቆርጠው ወጣት ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ወይም ጉንፋን መስሎት ይተኛል። ይህ የፍሎሪን ፕላስቲክ ጭስ የሚያስከትለው በሕክምና የታወቀ ሕመም ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ካለም የሳንባ ጉዳት ያደርሳል። የቀረው ጥራጊ ወደ ረጲ ይሄዳል። በ2017 የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረበት ቦታ መሆኑን ማንም አልረሳውም።

ከዚህ አንጻር ዓለም አቀፍ ሕጉንም መመልከት ይገባል። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት አሜሪካ በ1990 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም። ኢትዮጵያ ግን የባዝልም፣ በ1991 የተፈረመው የአፍሪካ የባማኮ ስምምነትም አባል ናት። ስለዚህ በሴንት ፖል ወደብ ላይ «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ የተጫነ ቧንቧ፣ ጂቡቲን አልፎ ሲደርስ በኬሚካል የጠገበ ቆሻሻ ሆኖ ቢገኝ፣ ኃላፊነቱ የሚያርፈው ላኪውም ተቀባዩም በሆንነው በእኛ ላይ ነው።

7. ማጠቃለያ

ጋሼ ወዳሳዩኝ ግቢ ሄጄ ነበር። ቧንቧዎቹ ወደ አርባ ይጠጋሉ። አብዛኞቹ የፍላንጅ መከለያ የላቸውም፤ በስድስቱ ውስጥ እብጠት በግልጽ ይታይ ነበር፤ ትናንሾቹ ቀዳዳዎች ለሽያጭ እንዲያምሩ ሲባል በተቀባ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተደፍነው ነበር። ምን እንዳስተላለፉ ሻጩ አያውቅም። ገበራቸው ፒቪዲኤፍ መሆኑን በላቦራቶሪ አረጋገጥን፤ ታቅዶ የነበረው አገልግሎት ደግሞ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ነበር። ይህ አንዱ ብቻ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ኮስቲክ ሶዳ በተሰነጠቀ ፍላንጅ ቢረጭ መጀመሪያ የሚያጠፋው የቆመውን ሠራተኛ ዓይን ነው።

ደብዳቤውን እንደማልጽፍ ስነግራቸው ጋሼ ብዙ ዝም አሉ። በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ የማይሆን እዚያ ይሆናል እኮ። የሌለው ሰው አይመርጥም» አሉኝ። ይህን አባባል ብዙዎቻችን በልባችን እንደምንይዘው ስለማውቅ አልተቀየምኩም። መልሴ ግን የሚከተለው ነበር። እዚህ አንድ ፍላንጅ ቢያፈስ የደኅንነት ገላ መታጠቢያ በአሥር ሰከንድ ርቀት ላይ አለ፤ የቃጠሎ ሕክምና ሆስፒታልም ቅርብ ነው። እዚያ ሁለቱም ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የጥንቃቄው ደረጃ መውረድ ያለበት ወደ ድሃው አገር ሲሄድ አይደለም፤ እንዲያውም መከላከያው ባነሰበት ቦታ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ስሜት አይደለም፤ የምሕንድስና ስሌት ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ያረጀ ባለ ገበር ቧንቧ መልሶ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ታሪኩና የገበሩ ዓይነት በማስረጃ ሲታወቅ፣ አዲሱ አገልግሎት ከቀድሞው ጋር አንድ ወይም የቀለለ ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘረውን ፈተና እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ሲያልፍ፣ ተቀባዩም የሚመረምርበት መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ሲኖረው። ክሎሪን፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድና ትኩስ ጠንካራ አሲድ ለመሳሰሉት ግን አራቱ ቢሟሉም አዲስ መግዛት ይሻላል። የወደቀው ደግሞ ገበሩ በቢላዋና በመጎተቻ ወጥቶ ብረቱ ብቻውን ለማቅለጫ ይሰጥ፤ ገበሩ በማንኛውም እሳት አይነካ።

ጋሼ ቀብዳቸውን አላገኙም። ባለፈው ዓመት ግን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተመካክረው ጥቂት አዲስ ባለ ፖሊፕሮፒሊን ገበር ቧንቧዎችን ገዙ፤ ማምረቻው ካሰቡት በግማሽ አንሶ ይጀመራል። ከእኔ የጠየቁት ደብዳቤም ሳይቀር አልቀረም፤ ለእነዚያ ፈርሜላቸዋለሁ።